አምራቹ ዝም ብሎኛል፤ ሞተሬን ልጠብቃት ወይስ ልሽጣት?

ጠያቂ፦ ሁለት ጎማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። 650 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አለችኝ። ኢንጂኗ ጤነኛ ነው፤ ባትሪዋን ግን አትሞላም። መንገድ ላይ መጀመሪያ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ በመጨረሻ ቀጥ ትላለች። የወኪሉ ጋራዥ "ሬጉሌተሩ ነው፣ አዘናል" አለኝ፤ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ማለቱ ነው። መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ግን የለም። ዋስትናዋ ደግሞ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ለአምራቹ በቀጥታ ጻፍኩ። "አቅራቢያዎ የሚገኘውን ወኪል ያነጋግሩ" የሚል፣ ለሁሉም የሚላክ መልስ መጣልኝ። ወኪሉ ደግሞ ሽያጭ ስለቀነሰ መለዋወጫ እንደ በፊቱ አናስገባም ይላል። ብልሽት ያለ ነው። የሚያንገበግበኝ የሚመልስልኝ ሰው መጥፋቱ ነው።

አምራቹን መልስ እንዲሰጠኝ የማደርግበት መንገድ አለ? የሌላ ብራንድ ሬጉሌተር ይሠራላታል? ወይስ ድርጅቱ ሳይዘጋ ልሽጣት?

ቁልፍ አስር

ወንድሜ፣ ሬጉሌተር ከመጠበቅህ በፊት ጥፋቱ የሱ መሆኑን አረጋግጥ። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ቀላል ነው።

ባትሪውን ሙላና ኢንጂኗ ጠፍታ ለካው። 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ አስነሳትና በደቂቃ እስከ 5,000 ዙር ነዳጅ ስጣት። አሁን በ13.5 እና በ14.5 መሀል መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ ባትሪውን ሳይጨርሰው አጥፋት። ከ12.6 ፈቅ ካላለ ደግሞ ሬጉሌተሩም፣ ስታተሩም (ኢንጂኗ ስትሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው)፣ በመሀላቸው ያለው ሶኬትም ሊሆን ይችላል።

ስታተሩን ለመለየት ከሱ የሚወጡትን ሦስት ሽቦዎች ከሶኬታቸው ንቀል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ቢጫ ናቸው። ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ቀይርና፣ ኢንጂኗ እየሠራች ጥንድ ጥንድ አድርገህ ለካቸው። ሦስቱም ንባቦች እኩል መሆን አለባቸው። ነዳጅ ስትጨምርም አብረው ይወጣሉ። አንዱ ጥንድ ካነሰ ስታተሩ ሄዷል። በከፍተኛ ዙር ከ50 ቮልት በላይ ስለሚያወጣ ባዶውን ሽቦ በእጅህ እንዳትነካ። በመጨረሻ ኢንጂኗን አጥፍተህ፣ ሦስቱ ሽቦዎች ከሻንሲው ብረት ጋር አለመገናኘታቸውን እይ።

ሰናይት

ቁልፍ አስር ልክ ነው፣ መለካት ዋስትና አያበላሽም። ሽቦ መቁረጥ ግን ያበላሻል። የራስህን ሬጉሌተር ብትገጥምም ሰበብ ይሆናቸዋል። ስለዚህ ለጊዜው ሌላ ዕቃ አትግጠም።

ትልቁ ነገር ቀኑ ነው። ዕቃው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ቢመጣም፣ ብልሽቱ የተመዘገበው ከዚያ በፊት ከሆነ መከራከሪያ አለህ። የጆብ ካርዱን (ጋራዡ ብልሽቱን የሚመዘግብበትን ወረቀት) ኮፒ ተቀበል። ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩና "ባትሪ አትሞላም" የሚለው ይጻፍበት፣ ማህተምም ይኑረው። "አዘናል" ሲሉህ ደግሞ የትዕዛዝ ቁጥሩን ጠይቅ። ቁጥር ከሌለ አላዘዙም ብለህ ያዝ።

ለአምራቹ ስትጽፍ አጭር አድርገው። የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎሜትር፣ የዕቃው ቁጥር፣ ፎቶ፣ የለካኸው ቮልት። ከዚያ የምትፈልገውን አንድ ነገር፦ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ለደንበኞች አገልግሎት ብቻ አትላክ። ብዙ አምራቾች ወኪሎቻቸውን የሚከታተል ሌላ ቢሮ አላቸው፤ ለዚያና ለዋስትና ክፍሉም ይድረሳቸው። ወኪሉንም በግልባጭ አስገባው። አንዱ በሌላው የሚያላክከው ለየብቻ ስታናግራቸው ነው።

የድሮ ጎማ

ለመሸጥ አትቸኩል። የሽያጩ መውረድ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሁለት ጎማ ተሽጧል፤ ዛሬ በዓመት የሚሸጠው የዚያን አንድ አምስተኛ አይሞላም። የአሜሪካ ገበያም ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም። በአንጻሩ ህንድ ውስጥ ትንንሽ ሞተሮች በየዓመቱ በሚሊዮን ይሸጣሉ። አምራቾችም ዓይናቸው ወደዚያ ነው። እኛ ትልልቅ ሞተር የያዝነው ስናንስ መጀመሪያ የሚራቆተው የመለዋወጫ መጋዘን ነው። እኔ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ዕቃ ያጣ ሰው ሁለተኛ ከነሱ አይገዛም፣ ለጓደኛውም አይመክርም፣ ሽያጩም ይብስበታል። ከሁሉ በፊት መቀነስ የሌለበትን ነው የሚቀንሱት።

ቢዘጋስ? የአሜሪካው ፖላሪስ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ቪክትሪ የተባለውን የሞተር ብራንዱን ሲዘጋ ለ10 ዓመት መለዋወጫ እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ሃርሊ ዴቪድሰን በ2009 ቡዌል የተባለውን ብራንዱን ዘጋው፤ ሞተሮቹን ግን ዛሬም የሚነዷቸው አሉ። የኦስትሪያው ሞተር አምራች ኬቲኤም በ2024 መጨረሻ እዚያው አገር ፍርድ ቤት የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገባ፤ የህንዱ ባጃጅ ገንዘብ አስገብቶ አስቀጠለው። ስለዚህ ዕቃ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። የሚያሳስበው የዚያ ሞዴል ብቻ የሆነው ነው፦ ኢሲዩ (የኢንጂኗ ኮምፒውተር)፣ ዳሽቦርድ፣ የአካሉ ፕላስቲክ። ካንዴላና የፍሬን ሸራ ከሌላ አምራችም ይገኛል።

ቁልፍ አስር

ስለ ሌላ ብራንድ ሬጉሌተር ለጠየቅከው፦ ብዙ የሞተር አምራቾች ሬጉሌተር ራሳቸው አይሠሩም። ሺንደንገን የሚባል የጃፓን ድርጅት ለብዙዎቹ ያቀርባል። ሬጉሌተሩን በጨርቅ ጥረገውና በኤፍኤች ወይም በኤስኤች የሚጀምር ቁጥር ካለው አየው። ያ ቁጥር ወኪሉ ከሚጠራልህ የዕቃ ቁጥር በላይ ይጠቅምሃል። ኩሽኔታም እንደዚሁ ነው። ጎኑ ላይ 6204 ካለ ውስጡ 20፣ ውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ነው፣ ማንም ይሥራው ማን። ዋስትናው እስኪያልቅ ግን ሰናይትን ስማት።

ሁለት ጎማ

እግዜር ይስጣችሁ። ለካሁት። ሦስቱም ጥንዶች እኩል ናቸው፣ ከሻንሲውም ጋር አይገናኙም። ኢንጂኗ ስትሠራ ባትሪው ላይ ያለው ግን ከ12.6 አያልፍም። ሶኬቱን ስነቅለው አንደኛዋ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ፎቶ አንስቻለሁ። ሰናይት፣ ጆብ ካርዱ ላይ የሻንሲ ቁጥር የለም፤ ነገ ሄጄ አስጽፋለሁ።

ቁልፍ አስር

እንግዲያው ስታተሩ ነፃ ነው። የቀለጠው ሶኬት ብቻውን ኃይሉን ሊያፍነው ይችላል። እንዳትቆርጠው። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ላክና ከሬጉሌተሩ ጋር ሶኬቱንም ከነሽቦው እንዲቀይሩልህ በጽሑፍ ጠይቅ። አዲሱን በቀለጠው ሶኬት ላይ ከሰኩት ያው ሙቀት ይመለሳል፣ አንተም እንደገና ዕቃ ጥበቃ ትገባለህ።