አዳማ ላይ ለቤት ኮምፒውተር የትኛው ዩፒኤስ ይሻላል?

ፍራንኮ_ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት ዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን) ልገዛ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 450 ዋት ይላል፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ሞኒተርና የዋይፋይ ራውተር አብረው ይሰካሉ። መብራት ከመሄዱ ሌላ፣ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲሰካ ኃይሉ በጣም ይደክማል። ሱቅ ያሉት 650 ቪኤና 1200 ቪኤ ናቸው። ትንሹ ይበቃል? የመኪና ባትሪ ቀጥሎ ማስረዘምስ ይቻላል?

ቮልት220፦
ቪኤ (ቮልት-አምፒር) ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው 360 ወይም 390 ዋት ነው፤ ጀርባው ላይ ዋቱን አንብብ። 450 ዋት ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ መስጠት የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚበላው አይደለም። ያንተ ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 150 ዋት ቢደርስ ነው። ስለዚህ ትንሹ ይችለዋል።

ደቂቃውን የሚወስነው ባትሪው ነው። 650ው ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አለ፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። በፍጥነት ሲጠባ ግን የሚሰጠው ግማሹን ያህል ነው፤ 150 ዋትን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አካባቢ ያቆያል። 1200ው ሁለት ባትሪ ካለው ከእጥፍ በላይ ይቆያል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ደቂቃው ብዙም አይጨምርም፣ ብርህን አትጨርስ።

የምጣዱን ነገር ግን አትናቀው። ኤቪአር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) የሌለው ዩፒኤስ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪ ይዞራል። ማታውን ሙሉ ሲዞር አምሽቶ፣ መብራቱ በእርግጥ ሲሄድ ባትሪው ባዶ ይሆናል። ኤቪአር ያለው የወረደውን ቮልቴጅ ባትሪ ሳይነካ ከፍ ያደርገዋል። የሚቀበለው ቮልቴጅ ከ145 አካባቢ የሚጀምር ፈልግ። ስታብላይዘር ካለህ ከዩፒኤሱ በፊት እንጂ በኋላ አይሰካም።

ቴስተር_በኪስ፦
የመኪና ባትሪውን ተወው። የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጀር የሚሰጠው 1 አምፒር አካባቢ ነው፤ 70 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሞልቶ ለማየት ቀናት ይፈጃል። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርም የተሠራው ለደቂቃዎች ነው፤ ሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ይቃጠላል። በዚያ ላይ ውኃ የሚሞላበት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ መኝታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

አዳማ ሙቀት ስላለ ይህን ልብ በሉ፦ የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቀው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ክፍተት ስጠው። ስትገዛም ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቻርጅ ሳያገኝ ሰልፌት ይዞታልና (ውስጡ ጨው ጋግሮ ተዳክሟልና) ሌላ አስወጣ።

ፍራንኮ_ሰፈር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌዘር ፕሪንተርስ አብሮ ይሰካል?

ቮልት220፦
አይሰካም። ማሞቂያው ሲነሳ ብቻውን ከ800 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ዩፒኤሱ ጮኾ ኮምፒውተሩንም ይዞ ይጠፋል። ግድግዳው ላይ ይሁን። ራውተሩን ግን ብትችል ለብቻው በትንሽ የዲሲ ዩፒኤስ አድርገው፤ 10 ዋት ገደማ ስለሚበላ ለሰዓታት ይቆያል። አዳፕተሩ 9 ወይም 12 ቮልት መሆኑን መጀመሪያ እይ።

ገዝተህ ስትገባ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው። ሥራህን ሴቭ አድርገህ በሶኬቱ ማብሪያ ማጥፊያ አጥፋና ሞክረው፤ መሰኪያውን ብትነቅል ግን ግራውንዱም (የመሬት ሽቦውም) አብሮ ይቋረጣል። የዩኤስቢ ገመድ ካለው ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተህ ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ ራሱ እንዲዘጋ አዘጋጀው።