ዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ዝናቡ ደህና ይወርዳል፣ በረዶው ግን እየመጣ ይቋረጣል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፓርቲክል ሲስተም (ብዙ ትንንሽ ብናኞችን በሚያወጣው መሣሪያ) የሠራሁት ዝናብ በደንብ ይወርዳል። ያንኑ ኮፒ አድርጌ ስታርት ስፒድን (የብናኙን መነሻ ፍጥነት) ከ9 ወደ 1 ዝቅ፣ ስታርት ላይፍታይምን (የብናኙን ዕድሜ) ከ2 ወደ 18 ሰከንድ ከፍ ሳደርገው በረዶው 2 ሰከንድ ወርዶ ይቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ሬት ኦቨር ታይም (በሰከንድ የሚወጣው ብናኝ) 500 ነው፣ ብናኙ የሚወጣበት ቦክስ ከመሬት 18 ሜትር ላይ ነው፣ ሉፒንግ (ዙሩን መድገም) በርቷል። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦
ማክስ ፓርቲክልስ (በአንድ ጊዜ ሊኖር የሚችለው የብናኝ ብዛት ገደብ) ነው የያዘህ። ካልነካኸው 1000 ላይ ነው። አየር ላይ የሚኖረው ብዛት በሰከንድ የሚወጣው በዕድሜው ሲባዛ ነው፤ ዝናቡ 500 በ2፣ ልክ 1000 ስለሆነ ለጥቂት አለፈ። በረዶው ግን 9000 ይፈልጋል። 1000ው በ2 ሰከንድ ይሞላና የመጀመሪያዎቹ ብናኞች 18 ሰከንዳቸውን ጨርሰው እስኪጠፉ አዲስ አይወጣም።

ገደቡን 9000 ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን ከፍታውን ቀንስ ነው የምልህ። ካሜራው ሽቅብ ካላየ 6 ሜትር ይበቃል፦ ዕድሜ 6 ሰከንድ፣ ብዛት 3000፣ ጥግግቱም አይለወጥም። ግራቪቲ ሞዲፋየር (የስበቱ መጠን) 0 ይሁን። እውነተኛ ጠብታም ሆነ በረዶ መሬት አካባቢ ሲደርስ አየሩ ስለሚገታው ፍጥነቱ ቋሚ ሆኗል፤ 1 ካደረግኸው በረዶው እንደ ጠጠር እየፈጠነ ይወርዳል።

ሌላ መልስ፦
ስሌቱ ትክክል ነው። ከዝናቡ ኮፒ ስላደረግኸው ግን ሬንደረሩንም (ብናኙ የሚሳልበትን ክፍል) እይ፤ ስትሬችድ ቢልቦርድ (ብናኙን የሚያስረዝመው) ከሆነ ወደ ቢልቦርድ (ወደማያስረዝመው) ቀይረው። ኖይዝ ሞጁሉንም (ብናኙን ወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዘውን) አብራ፣ ስትሬንግዝ (ጥንካሬውን) 0.3 አካባቢ ጀምር፤ ያለሱ ብናኙ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በረዶ አይመስልም። ፕሪዋርም ካበራህ ዱሬሽን (የአንድ ዙር ርዝመት) ከ6 ሰከንድ እንዳያንስ። ፕሪዋርም አንድ ዙር ብቻ ነው አስቀድሞ የሚያስኬደው፤ ዙሩ ካጠረ ትዕይንቱ ሲከፈት በረዶው ገና መሬት አልደረሰም።

ነፋስ ስትጨምር ደግሞ ተጠንቀቅ። በሰከንድ 5 ሜትር ነፋስ ዝናቡን 10 ሜትር ሲገፋው በረዶውን በ6 ሰከንድ 30 ሜትር ይወስደዋል። ቦክሱን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አስጠጋው። ካሰፋኸው ሬቱንም በዚያው ልክ ጨምር፤ ወርዱ ከ20 ወደ 50 ሜትር ከሄደ ሬቱ 1250፣ ገደቡ 7500 ይሆናል።

ጠያቂ፦
ተስተካከለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቦክሱን ካሜራው ሥር ሳስገባው (ካሜራውን እንዲከተል ሳደርገው) ግን ካሜራው ሲዞር በረዶው አብሮ ይዞራል።

መልስ፦
ሲሙሌሽን ስፔስ ሎካል ሆኖ (ብናኞቹ ከቦክሱ ጋር አብረው እየተንቀሳቀሱ) ነው፤ ዎርልድ አድርገው፣ የወጡት ብናኞች ከቦክሱ ጋር አይዞሩም። ካሜራው እንደ መኪና የሚፈጥን ከሆነ በረዶውን ጥሎት ይሄዳል። ያን ጊዜ ቦክሱን ከላይ አታንጠልጥለው፤ ኢሚት ፍሮም ላይ ቮልዩም (ከቦክሱ ውስጥ ከየትም ቦታ እንዲወጣ) መርጠህ ካሜራውን ዙሪያውን እንዲከብበው አድርግ፣ ዕድሜውን ወደ 2 ሰከንድ አውርድ። ብናኞቹ ዓይን ፊት ድንገት ብቅ እንዳይሉ በከለር ኦቨር ላይፍታይም (ቀለሙ በዕድሜው በሚለዋወጥበት) አልፋውን (0 ሲሆን ብናኙ የማይታይበትን መጠን) ከ0 አስነሣ፣ መጨረሻው ላይም ወደ 0 መልሰው።