ጥቆማ፦ የ12ኛ ክፍል ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ በምን ይለካል?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ ኔቸራል (የተፈጥሮ ሳይንስ)። የካርዱ አማካይ ከ85 ወርዶ አያውቅም። አባቱ «ገብቷል በቃ» ብሎ ተኝቷል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሰፈራችን ያለ የማጠናከሪያ ማዕከል «ፈትነን ዕድሉን እንነግራችኋለን» ይላል። ነጥብ ሲያስገቡለት የሚመደቡበትን ዩኒቨርሲቲ የሚናገር የቴሌግራም ቦትም ልከውልኛል፣ በክፍያ ነው። የሞዴል ፈተናም አለ። እውነቱን የሚነግረኝ የትኛው ነው? ገንዘቤንስ የት ላውለው?

መልስ (የፊዚክስ መምህር)፦
እህቴ፣ የካርድ 85 እና የማትሪክ (የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና) 85 አይተዋወቁም። ፈተናው በ2014 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚያስገባውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከቀሩት መካከል ካርዳቸው የሚያምር ስንት ልጆች እንዳሉ የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አባትየውን ይቀስቅሱልኝ።

ቦቱን ይተዉት። ለሬሜዲያል (50 ያልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት) የሚያበቃው መቁረጫ ነጥብ የሚወሰነው ውጤት ከወጣ በኋላ ነው፤ ለወንድና ለሴት፣ ለኔቸራልና ለሶሻል፣ ለታዳጊ ክልሎች፣ ለማየትና ለመስማት ለተሳናቸው እየተለየ ይወጣል። የት እንደሚመደብ ደግሞ በእሱ ነጥብ ብቻ ሳይሆን በሌሎቹ ልጆች ምርጫም ይወሰናል። ገና ያልተፈተነ ልጅ የት እንደሚደርስ በየትኛው ሒሳብ ነው ቦቱ የሚያውቀው? «ምደባ አስተካክላለሁ» የሚል ደላላ ከመጣማ በሩን ይዝጉበት። ምደባ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው።

የሞዴል ፈተና ጥሩ ነው፣ በተለይ ዞን ወይም ክልል አውጥቶት በብዙ ትምህርት ቤት የሚሰጠው። ልጁ የራሱ መምህር ያላወጣውን ጥያቄ ያያል። ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ግን ለልምምድ እንጂ ለግምት አይሆንም፤ ምን እንደሚመጣ ከክፍል ውይይት ይታወቃል፣ ኩረጃውንም እኛው እናውቀዋለን።

እኔ የማምነው ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ወረቀቶችን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ይገኛሉ፣ ቴሌግራም ላይም በነፃ ሞልተዋል። ከአንድ ወር የማጠናከሪያ ክፍያ ጋር ዋጋቸው አይወዳደርም። ግን አሠራር አላቸው። ልጁ መልሱን አጠገቡ አስቀምጦ «አዎ፣ ይህን አውቀዋለሁ» እያለ የሚያልፍ ከሆነ ምንም አልለካም። ስልኩን ይውሰዱበት፣ በጠዋት ያስቀምጡት፣ በወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በተጻፈው ሰዓት ይጨርስ፣ እርማቱን ሌላ ሰው ይሥራ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ከቅርቦቹ ዓመታት ይጀምር፤ በድሮዎቹ ውስጥ አሁን መጽሐፉ ላይ የሌለ ርዕስ ያጋጥመዋል።

ከዚያ ስድስቱንም ትምህርት ይደምሩ። ፈተናው ከ600 ነው፣ 50 በመቶ ማለት 300። የሚታየው ድምሩ ስለሆነ በፊዚክስ የጎደለው በባዮሎጂ ሊካካስ ይችላል። ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ግን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) ብቻቸውን የድምሩን ግማሽ መያዛቸውን ነው። ኔቸራል ስለሆነ ብሎ ሌሊቱን በፊዚክስና በኬሚስትሪ የሚያነጋው ልጅ (የራሴን ትምህርት ማማት ሆነብኝ) ሌላውን ግማሽ ሳይነካ ፈተና ይገባል። በተለያየ ዓመት ወረቀት ደጋግሞ 350 አካባቢ ካመጣ ተረጋጉ። 300ን የሚነካው አንዳንዴ ብቻ ከሆነ ገና ነው፤ ፈተናው ቀን ድንጋጤው፣ ከቤት መራቁ፣ የግቢው ምግብ ሳይቀር የራሱን ይቀንሳል።

ማዕከሉን በተመለከተ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሚፈትኑበትን ወረቀት ማን አወጣው? እርማቱን ከነስህተቱ ለልጁ ይመልሳሉ ወይስ ቁጥር ብቻ ይነግራሉ? ፈትኖ «ልጅዎ አደጋ ላይ ነው» ብሎ ወዲያው የሚያስመዘግብ ማዕከል የሚለካው ኪስዎን ነው።

ሌላ መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
እናታችን፣ ከ50 በታች ማለት ሁሉም አበቃ ማለት አይደለም። እኔ በሬሜዲያል ነው የገባሁት። ግን «ሬሜዲያል አለ» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ወራት ተምረህ እንደገና ትፈተናለህ፣ አብዛኛው ነጥብ ከትምህርት ሚኒስቴር ከሚመጣው ፈተና ነው፤ እዚያ 50 ካልሞላህ ፍራሽህን ጠቅልለህ ወደ ቤት ነው። ከእኔ ዶርም የተመለሱ አሉ። ያ ካልሆነ በግል ተመዝግቦ ድጋሚ መፈተን ይቻላል። ደግሞ ግቢ መግባት ማለት የፈለጉትን መማር ማለት አይደለም፤ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) አለ፣ ሜዲስን የሚፈልግ ልጅ እዚያም በውጤት ይወዳደራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር፣ አንተም ልጄ ተባረክ። የእኔው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ይላል። እሱስ በዚሁ ወረቀት ይለካል?

መልስ (የፊዚክስ መምህር)፦
በዚህ ብቻ አይለካም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ለኔቸራል ልጆች የራሳቸውን ይሰጣሉ፣ ማመልከቻውም ለብቻ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሚሆን ከዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው ገጽ ይከታተሉ፣ ከሰው ሰው የሚዞረውን ምስል አይጠብቁ። እዚያ ሄዶ ካልተሳካለት እንዳይደነግጥ በመደበኛው የምርጫ ቅጽ ላይ ደሴ ያለውን ወሎን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን በእውነት በሚፈልገው ቅደም ተከተል ይሙላ።

ጠያቂ፦
አፕቲትዩዱን ማን ያስጠናው ታዲያ? ትምህርት ቤት አይሰጥም።

መልስ (የፊዚክስ መምህር)፦
ለእሱ ማዕከል አያስፈልግም። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ልጅ ግማሹን ሠርቷል፣ የቃላት ዝምድናና ዓረፍተ ነገር ማሟላት ነውና። የቀረው የቁጥር ተከታታይና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ከአሮጌዎቹ ወረቀቶች። ይሄኛው ከመጽሐፍ ስለማይወጣ የድሮውም ይሠራል።