ጥቆማ፦ ለአሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

አሮጊቷ_ላፕቶፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ አምጪ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር አምጪ ይለኛል። የምሠራበት ኢንተርኔት ለማየት፣ ሰነድ ለመጻፍና ለማተም ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ልጭን አስቤያለሁ። ከዓይነቶቹ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፣ ዴቢያን ወይስ ፌዶራ? ራሴ ልጫነው ወይስ ባለሙያ ጋ ልውሰደው? ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት እፈራዋለሁ።

ሚንት_ወይም_ሞት፦
ሚንት። አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ?

ዴቢያን_ነኝ፦
ወንድሜ፣ ሚንት የቆመው ኡቡንቱ ላይ ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ ዴቢያን ላይ። አያትየው በሕይወት እያሉ ከልጅ ልጅ ጋር ምን አጨቃጨቀን? ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ አለ። "ዋይፋይ አይዝም" የሚለውም ወሬ አርጅቷል። ከዴቢያን 12 ወዲህ ፈርምዌሩ (ዋይፋይ ካርዱን የመሰለውን ዕቃ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከመጫኛው ጋር አብሮ ይመጣል።

ሚንት_ወይም_ሞት፦
ዴቢያን አሪፍ ነው። ለሰርቨር።

ዴቢያን_ነኝ፦
ማስረጃ?

ሚንት_ወይም_ሞት፦
ማስረጃው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

የተቃጠለ፦
ምንም ጫን፣ ባለሙያ ጋ ብቻ እንዳትወስደው! ስሙን የማልጠራው ጥገና ቤት ወስጄ "ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ሊኑክስ ጨምሩልኝ" አልኳቸው። ስቀበላቸው ዊንዶውስ የለም። ፋይል የለም። የልጆቼ ፎቶ ሁሉ የለም። "ቦታ አልበቃ ብሎን ነው" አሉኝ፣ ፊታቸው እንኳን ሳይቀየር። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ሲባል ያንገሸግሸኛል።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ይገርማል! ሊኑክስ በገዛ እጁ ተነስቶ ዲስኩን ጠረገው ማለት ነው? የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ይከሰስልን።

የተቃጠለ፦
ሳቅ፣ ሳቅ። የጠፋው ያንተ ልጆች ፎቶ አይደል። እናንተ ሊኑክሶች ጋ ሁሌም ጥፋተኛው ተጠቃሚው ነው። "ማኑዋሉን አንብብ" ትሉና እልም ትላላችሁ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ማኑዋል አንብብ ያለህ አለ? እኔ ያልኩት ሰውየውን ትተህ ፕሮግራሙን ተሳደብክ ነው።

ሚንት_ወይም_ሞት፦
ሚንት ቢጭኑልህ ኖሮ ይሄ አይደርስብህም ነበር።

የተቃጠለ፦
የጫኑልኝ እኮ ሚንት ነው!

ሚንት_ወይም_ሞት፦
እንግዲያውስ በትክክል አልጫኑትም።

ኬብል_ፈቺ፦
አንድ ጊዜ ረጋ በሉ። የተቃጠለ፣ ያ ዲስክ እጅህ ላይ አለ? የሚሽከረከር ነው ወይስ ኤስኤስዲ (ምንም የማይሽከረከርበት ፈጣኑ ዓይነት)? የሚሽከረከር ከሆነና ከዚያ በኋላ ብዙ ካልተጻፈበት ተስፋ አለ። ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ የፋይሎቹን ዝርዝር አይጠብቅም። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ አንድ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ፎርማት ከተደረገ በኋላም ያገኛል። የፋይሎቹ ስምና ፎልደር ግን አይመለስም።

ከዚያው ዲስክ ኮምፒውተሩን አታስነሳ። ከፍላሽ አስነሳና የተገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፤ እዚያው ካስቀመጥከው ገና ያልተገኘውን ራስህ ትደመስሰዋለህ። ኤስኤስዲ ከሆነ ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ስለሚያጸዳው ነገሩ ከባድ ነው።

የተቃጠለ፦
የሚሽከረከር ነው። ተናድጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውሬው ነው ያለው። ይሄ ፎቶሬክ ይከፈልበታል?

አራቱ_ነፃነቶች፦
አይከፈልበትም፣ ዋናው ቁም ነገር ግን እሱ አይደለም። ፎቶሬክ በጂፒኤል ፈቃድ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ለፈለግከው ሥራ ታስኬደዋለህ፣ ውስጡን አይተህ ትለውጠዋለህ፣ ለወዳጅህ ትሰጠዋለህ፣ የለወጥከውንም ታከፋፍላለህ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ጉዳዩ ይኸው ነበር።

የጠያቂውን ላፕቶፕ ተመልከቱ። ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ያረጀው ማሽኑ አይደለም። ድጋፉን ያቆመው የኮዱ ባለቤት ነው፣ ኮዱ ደግሞ ዝግ ስለሆነ ሌላ ማንም ተቀብሎ ሊቀጥለው አይችልም። ስለዚህ የኔ ጥቆማ ትሪስኩዌል የሚባለው ሊኑክስ ነው። ነፃ ያልሆነ ነገር ጭራሽ አይገባበትም።

ኬብል_ፈቺ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ሙሉውን ንገረው እንጂ። የትሪስኩዌል ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ዝግ ፈርምዌር የወጣለት ሊኑክስ-ሊብሬ ነው። የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ደግሞ ያለ ዝግ ፈርምዌር አይነሳም። በኤቲኤች9ኬ ድራይቨር የሚሠሩት የቆዩ የአቴሮስ ካርዶች ያለሱ ይሠራሉ። ያ ካርድ ከሌለው ጭኖ ሲጨርስ ኢንተርኔት የለውም። በማግስቱ ደግሞ እዚህ መጥቶ "ሊኑክስ ያንገሸግሸኛል" ይለናል።

አራቱ_ነፃነቶች፦
እውነት ነው። ግን ሁላችንም ዝጉን ዝም ብለን ከተቀበልን አምራቾቹ መቼ ይከፍቱታል?

ኬብል_ፈቺ፦
እሱን ለአምራቾቹ እንጻፍላቸው። እዚህ ግን ሰነድ የሚታተምለት ሰው እየጠበቀ ነው።

ጌመሩ፦
እኔ የምለው፣ አሁን ፕሮቶን በሚባል ፕሮግራም ብዙ የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ ይሠራል። አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች ብቻ በፀረ-ማጭበርበሪያቸው ምክንያት እንቢ ይላሉ። ግራፊክስ ካርድህ ምንድን ነው? 16 ጊጋ ራም ያለው አዲስ ላፕቶፕ ብትገዛ ግን ይሻልሃል።

አሮጊቷ_ላፕቶፕ፦
እህት ነኝ። ጌም አልጫወትም። አዲስ ላፕቶፕ ልገዛ ብሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። ፕሪንተሬ ይሠራ ይሆን? አማርኛ መጻፊያስ?

ኬብል_ፈቺ፦
ይቅርታ እህቴ፣ ጥያቄሽን ጥለነው ሄድን። ለ4 ጊጋ ራም ዲስትሮው (የሊኑክሱ ዓይነት) ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ከከባዶቹ ዴስክቶፖች ያነሰ ራም ይወስዳል፣ ግን የተረፈውን ብራውዘሩ በጥቂት ገጾች ይበላዋል። ልዩነቱን የምታይው ዲስኩን በኤስኤስዲ ስትቀይሪው ነው። ለራም ባዶ ቦታ ካለው ደግሞ 8 ጊጋ አድርጊው።

ከሦስቱ ፌዶራን ላንቺ አልመርጥም። መጥፎ ሆኖ አይደለም። በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ይወጣል፣ አንዱ ዕትም የሚደገፈው ለ13 ወር ያህል ነው። ቶሎ ቶሎ ማሻሻል ሊሰለችሽ ይችላል። ሚንት 22 እስከ 2029 ይደገፋል፣ ዴቢያንም ረጅም ዕድሜ አለው። ከሁለቱ የቱም ይሆናል፤ ለተርሚናል ፈሪ ግን ሚንት ትንሽ ይቀላል።

ከመጫንሽ በፊት ፋይሎችሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ ፍላሽ ላይ ጽፈሽ "ሳልጭን ልሞክር" በሚለው መንገድ አስነሽው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ክዳኑን ስትዘጊው ተኝቶ መነሳቱ፣ ፕሪንተሩም ሁሉም እዚያው ይፈተናል፣ ዲስክሽን ማንም አይነካውም። ከፍላሽ ሲሠራ ቀርፈፍ ማለቱ ግን አያስደንግጥሽ። ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ማስቀረት ከፈለግሽ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ "ፈጣን ማስነሻ" የሚለውን አጥፊ። ካላጠፋሽው ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ ላይፈቀድለት ይችላል።

ሚንት_ወይም_ሞት፦
ሚንት ይቀላል አላለም? ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

ዴቢያን_ነኝ፦
"የቱም ይሆናል" ነው ያለው። ማንበብም እንደ ሚንት ነው እንዴ?

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ለአማርኛው አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ዘዴ መምረጫ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን የብዙ ቋንቋ መጻፊያ ጨምሪ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን ምረጪ። በላቲን ፊደል ድምፁን ስትጽፊ ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀይረዋል። ይኸው፣ እኔም አንዳንዴ እጠቅማለሁ።

የተቃጠለ፦
ፎቶሬክ እየሠራ ነው። ፎቶዎቹ እየወጡ ነው! ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፣ ከድሮ ድረ ገጾች የመጣ ትንንሽ ምስልም ተደባልቆበታል። ማን ቁጭ ብሎ ይለየዋል? ለማንኛውም ኬብል_ፈቺ ተባረክ። ሊኑክስ ላይ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ዝም_ብሎ_አንባቢ፦
ፎቶሬክን ያስነሳህበት ፍላሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?

የተቃጠለ፦
እሱን ተወው።

አሮጊቷ_ላፕቶፕ፦
ከፍላሽ አስነሳሁት። ዋይፋይ ያዘ። ፕሪንተሩን ራሱ አገኘው፣ ምንም ሳልነካ አንድ ገጽ አተመ። ስካነሩ ግን አልታየም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሚንት_ወይም_ሞት፦
በሚንት ነው ያስነሳሽው፣ አይደል?

ዴቢያን_ነኝ፦
በዴቢያን ነው፣ ከአነጋገሯ ይታወቃል።

ኬብል_ፈቺ፦
የኔ እህት፣ ስካነሩ ከፕሪንተሩ ጋር አንድ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሴን-ኤርስካን የሚባለው ፓኬጅ ይበቃዋል። የሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ ፈልጊው፣ ተርሚናል አያስፈልግሽም። እንቢ ካለሽ የሞዴሉን ቁጥር እዚህ ጻፊው።

ጌመሩ፦
እኔም ስካነር አለኝ፣ በዊንዶውስም አይሠራም። የሚጠግን ታውቃላችሁ?