ካልሲየም የተጨመረበት የሎሚ ዱቄት ለምን ይዘቅጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ግራም ካልሲየም የሚሰጥ የሎሚ መጠጥ ዱቄት እየቀመርኩ ነው። አሁን ያለው 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሲትሪክ አሲድና ስኳር ነው። ብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ ሳሼውም ሲቆይ ይነፋል። ምን ልቀይር?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ችግር ከካርቦኔቱ ነው። ሳሼው ውስጥ ትንሽ እርጥበት ካለ አሲዱና ካርቦኔቱ ተዋህደው ጋዝ ያወጣሉ። አብሮም ውሃ ስለሚፈጠር ነገሩ ራሱን እያፋጠነ ይሄዳል። ዝቃጩ ደግሞ ያልተሟሟ ካርቦኔትና ካልሲየሙ ከሲትሪክ አሲዱ ጋር የሚፈጥረው ካልሲየም ሲትሬት ነው፤ ሲትሬቱም ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። በካርቦኔቱ ፋንታ ውሃ ውስጥ በደንብ የሚሟሟውን የካልሲየም ጨው፣ ካልሲየም ላክቴትን ተጠቀም። ውሃ አልባው 18 በመቶ ገደማ ካልሲየም ስላለው 1.1 ግራም ይበቃል። ፔንታሃይድሬቱ (ውስጡ ውሃ የያዘው ዓይነት) ያለው ካልሲየም 13 በመቶ ብቻ ነው፤ 1.54 ግራም ይፈልጋል፣ ሙቀት ሲያገኘው የያዘውን ውሃ ለቆ ዱቄቱን ያጓጉላል።

መልስ 2፦ ትክክል። ግን ላክቴትም ቢሆን ሲትሪክ አሲድ ከበዛበት ቆይቶ ሲትሬት ሊያዘቅጥ ይችላል። የአሲዱን ግማሽ በማሊክ አሲድ ተካና በጥብጠህ አንድ ሰዓት አስቀምጠህ እየው። አሲዱም ውሃ አልባ ይሁን።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ! ብረትስ ልጨምርበት?

መልስ 2፦ ፌረስ ሰልፌት የሚባለው የብረት ጨው አይሆንም፤ ቫይታሚን ሲ ካለበት ያበላሸዋል፣ ቀለምና ጣዕሙንም ይለውጣል። በጣም የደቀቀ ፌሪክ ፓይሮፎስፌት፣ ሌላው የብረት ጨው፣ ይሻላል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ከእኩል ስኳር ጋር ቀላቅል፣ ከዚያ ስኳሩን በየጊዜው ከድብልቁ እኩል እየጨመርክ በእጥፍ አሳድገው። አንድ ላይ ከገለበጥከው አንዱ ሳሼ ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል።