ክርስቲያን መባል በጥምቀት ነው ወይስ በልብ መለወጥ?

የመወያያ ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ወደ ወንጌላውያን ጉባኤ ሲገባ «አሁን ክርስቲያን ሆነ» የሚሉ አሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ «ክርስቲያን ናት ወይስ ጴንጤ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሁለቱም ስሙን ከሌላው ይነጥቃሉ። ለመሆኑ ሰውን ክርስቲያን የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ዲያቆን፦ ክርስትና የሚጀምረው ከጥምቀት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ሕፃኑ ምንም ሳይሠራ ጸጋውን መቀበሉ የጥምቀቱን ጉድለት ሳይሆን የእግዚአብሔርን ቸርነት ያሳያል። እንዲህ የተጠመቀውን ሰው «ዛሬ ክርስቲያን ሆነ» ማለት ወላጆቹንና የክርስትና አባቱን እንደ አሕዛብ መቁጠር ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል።

ወንጌላዊ፦ ዲያቆን፣ ሐዘንዎን እረዳለሁ። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ጠንቋዩ ሲሞን ከተጠመቀ በኋላ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲሞክር፣ ጴጥሮስ ልቡ በእግዚአብሔር ፊት የቀና እንዳልሆነ ነግሮታል። መጠመቅ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሐዋርያው ንስሐ እንዲገባ ባላዘዘው ነበር።

ዲያቆን፦ ንስሐ እንዲገባ እንጂ ዳግመኛ እንዲጠመቅ አላዘዘውም።

ሙስሊም ጎረቤት፦ በመካከላችሁ መግባቴን ይቅር በሉኝ። እኛ ሥጋ ስንለይ «የክርስቲያን ሥጋ» የምንለው የሁለታችሁንም ነው፤ ያረደው ሰው የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

የታሪክ መምህርት፦ ጎረቤታችን ያሉት ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎችም ስሙን ያወጡላቸው ከውጭ ያዩአቸው ሰዎች እንደሆኑ ያስረዳሉ። በተረፈ ክርክሩ ሕፃናትን በሚያጠምቁ ኦርቶዶክሶችና አዋቂዎችን ብቻ በሚያጠምቁ ወንጌላውያን መካከል እንደሆነ መቅረቡ ትክክል አይደለም። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወት ደግሞ አምኖ የመሰከረን ሰው ታጠምቃለች። ስለዚህ ልዩነቱ በወንጌላውያንም መካከል አለ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት አንዳቸው የሌላቸውን አባል ክርስቲያን አይደለም ሲሉ አልሰማሁም። ለጎረቤት ኦርቶዶክስ የሚነፈገው ይህ አክብሮት ነው፤ «ጴንጤ» የሚለውን ቅጽል ከክርስቲያን ውጭ ላለ ሰው መጠሪያ የሚያደርጉ ኦርቶዶክሶችም ያንኑ በደል ይፈጽማሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ያወረዳቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ ብለዋል። የመጀመሪያው ጴጥሮስ መልእክት 4፥16 ክርስቲያን ስለሆነ መከራ የሚቀበል ሰው እንዳያፍር ይናገራል፤ ይህን ቃል ለአንዳቸው ሰጥቶ ለሌላቸው የሚነፍግ ሰው በምን ሥልጣን እንደሚያደርገው ሊያስረዳኝ ይገባል። እኔ ስሙን ማንም ከማንም የመንጠቅ መብት የለውም እላለሁ፤ በሥራችን ግን ሁላችንም ልናሳድፈው እንችላለን፤ ፍርዱም እዚያ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

ወንጌላዊ፦ እህቴ፣ የመጨረሻውን እቀበላለሁ። ወደ ጉባኤያችን የመጣን ሰው «ክርስቲያን ሆነ» ከምንል «ከእኛ ጋር ሊያመልክ መጣ» ብንል እውነቱ ይህ ነው። በአንድ ነገር ግን ከዲያቆን ጋር አልስማማም፦ በሕፃንነቱ ተጠምቆ አድጎ ያመነ ሰው እምነቱን በውኃ ለመመስከር ቢጠይቀኝ አልከለክለውም።

ዲያቆን፦ ስለ አነጋገሩ ያሉት ያስደስተኛል፤ በእኛም በኩል «ጴንጤ» ማለቱ እንዲቀር በሰንበት ትምህርት ቤት አነሣዋለሁ። ዳግመኛ ማጥመቁን ግን ልቀበለው አልችልም። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የጸናው ጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት ይላል፤ ሰውየውን እንደገና ሲያጠምቁት በቃል የመለሱለትን ስም በውኃው መልሰው ይወስዱበታል።