ቡችላ ከመውሰዴ በፊት አተነፋፈሱን በምን ልፈትሽ?

ጠያቂ፦ ፊቱ ደፍጣጣ ከሆነ ዝርያ የ8 ሳምንት ቡችላ ልወስድ ነው። አርቢው «ማንኮራፋት የዘሩ ነው» ይላል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ተኝቶ ሳለ ይቁጠሩ። ደረቱ አንዴ ተነሥቶ ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ነው፤ 30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙት። በደቂቃ ከ15 እስከ 40 ደህና ነው። በሕልሙ ሲንፈራገጥ ግን አይቁጠሩ፣ ያሳስታል። ቀጥሎ የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ይዩ። እንደ ስንጥቅ ጠበው አየር ሲስብ ወደ ውስጥ የሚጣበቁ ከሆነ፣ አርቢው የዘር ነው የሚልዎት ነገር የአየር መተላለፊያ ጥበት ነው።

ሌላ መልስ፦ ተኝቶ ማየት ብቻ አይበቃም። 3 ደቂቃ ያጫውቱት። ቶሎ ቆሞ እያፏጨ አየር ከሳበ፣ ሆዱን እያስገባ ከተነፈሰ ወይም ድዱ ከገረጣ ይተዉት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ ምላሱን ይዩ፤ ወደ ሰማያዊ ካደላ አደጋ ነው። እናቱም ስትሮጥ አተነፋፈሷን ያዳምጡ፣ ጠባብ አፍንጫ ይወረሳል።

ሦስተኛ መልስ፦ ንፍጡስ? ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ በተለይ ዓይኑም ካዣ፣ ዲስተምፐር የተባለው አደገኛ የውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አይውሰዱ። ከወንድሞቹ አንዱ ቢያስል ደግሞ ቀጠሮውን 2 ሳምንት ይግፉት፤ ተላላፊው የውሻ ሳል ምልክት ሳያሳይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል።